የእትዬ ውዴ እሺ

የእትዬ ውድነሽን ሞት የሰማሁት በቴክስት ነው። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ስልኬ ብልጭ አለ። ሩበን ነበር፤ ከፎርት ዎርዝ በስተደቡብ ያለ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የስፖርት ኃላፊ። «ውዲ ማረፏን ሰማህ? በጣም አዝናለሁ ወንድሜ» ይላል። ከዚያ በፊት የላከልኝ መልእክት ስለ ጂም ወለል ነበር። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሰው ስለ ዳኞች ምደባ ጻፈልኝ። የእትዬ ውዴ ሞት ከሁለቱ መሃል ገብቶ ነው ያገኘኝ።

ተናደድኩ። በኛ ደንብ መርዶ እንዲህ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ ነው የሚረዳው። እኔን ያረዳኝ የቅርጫት ኳስ ሰው፣ ያውም መንገድ ላይ። መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን ያወቅሁት ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጡሩንባውን ሲያንባርቅብኝ ነው። በኋላ ስረጋጋ ግን ነገሩ ልክ መሰለኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብዙዎቹ እትዬ ውዴ በምን ሥራ እንደሚተዳደሩ እንኳን አያውቁም ነበር። የሚያውቋቸው እነሩበን ናቸው።

እሳቸው የኮሌጆች የስፖርት ኮንፈረንስ ኮሚሽነር ነበሩ። ይኼን ለሀበሻ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም እኔን ጠይቁኝ፤ እዚያው ቢሮ የጨዋታ ፕሮግራም አውጪ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እናቴ ኮንፈረንስ ሲባል የወንጌል ጉባኤ እየመሰላት «ይኼ ኮንፈረንሳችሁ መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኝ ነበር። ሃይማኖቴን ያስቀየሩኝ መስሏት ሳትሰጋም አልቀረች። በመጨረሻ እትዬ ውዴ በአንድ ቃል ገላገሉኝ።

«ዕድር ነው በላት» አሉኝ። «ብቻህን ድንኳን መትከል ስለማትችል ጎረቤት ታበጃለህ። ሲጠራህ ትደርሳለህ፣ ስትጠራው ይደርሳል። ያልደረሰ ይቀጣል። በቃ።»

እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። የኛዎቹ ኮሌጆች ትንንሾች ናቸው፤ ቴሌቪዥን የማያውቃቸው፣ ጂማቸው ግማሽ ከሞላ ደስ የሚላቸው። ብቻውን የቆመ ኮሌጅ ተጋጣሚ ፍለጋ ልጆቹን አውቶቡስ ውስጥ ሲያሳድር ይከርማል። ስድስት ሆነው ሲሰባሰቡ ግን እርስ በርስ ይጋጠማሉ፣ ዳኛ በጋራ ይይዛሉ፣ በመጨረሻም አንድ ሻምፒዮን ያወጣሉ። ያ ሻምፒዮን ማንንም ሳይለምን አገር አቀፉ ውድድር ውስጥ ይገባል። የነገሩ ሁሉ ፍሬ ይኼ ነው። ይኼ ዕድል የሚሰጠው ደግሞ ስድስትና ከዚያ በላይ አባል ላለው ኮንፈረንስ ብቻ ነው። አምስት ከሆንክ ሻምፒዮንህ ዋንጫውን ታቅፎ ወደ ዶርሙ ይመለሳል። እኛ ስድስት ነበርን። አንድ እንኳን ትርፍ አልነበረንም።

እትዬ ውዴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን መረብ ኳስ ተጫውተዋል። በሱዳን በኩል ወጥተው ዳላስ ሲደርሱ ከነዚሁ ኮሌጆች አንዱ ገብተው መማር ጀመሩ። ለመጫወት ዕድሜያቸው ስላለፈ የነጥብ መዝጋቢ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ያን ጊዜ ኮንፈረንስ የሚባል ነገር አልነበረም። የአራት ኮሌጆች የስፖርት ኃላፊዎች ነበሩ፤ ኳስ ለማጫወት በየሳምንቱ ግማሽ ቴክሳስን መንዳት የሰለቻቸው። አንድ ቀን ከጨዋታ በኋላ ምግብ ቤት ተቀምጠው «ለምን እርስ በርሳችን አንጫወትም?» ተባባሉ። እትዬ ውዴ ውጤቱን ሊያስፈርሙ ገብተው እዚያው ቀሩ። መጀመሪያ ስልክ አንሺ፣ ቀጥሎ ጸሐፊ፣ ቀጥሎ ምክትል፣ በመጨረሻ ኮሚሽነር ሆኑ። ውድነሽ ማለት ያቃታቸው አሜሪካኖች ውዲ አሏቸው። ውዲ ደግሞ እዚህ አገር የወንድ ስም ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አጭሯን፣ ትከሻ ሰፊዋን ሴትዮ አልፎ ከኋላቸው ሰውዬውን ይፈልጋል። እሳቸውም የሚፈልገውን እስኪያጣ ዝም ብለው ያዩታል።

ሲናደዱ ድምፃቸውን አያነሱም። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ጊዜ አለኝ፣ ነገሩ ሳያልቅ አልነሳም ማለታቸው ነው። ተረት ሲበዛባቸውም አይወዱም። አንዱ ስብሰባ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተርጉሜ ልናገር ብላቸው «ተው፣ አንበሳ ያሰረ ድር አይቼ አላውቅም» ብለው አስቀመጡኝ።

አሠራራቸው ግን ከየትኛውም የማኔጅመንት ትምህርት ቤት የመጣ አልነበረም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ለስድስቱም የስፖርት ኃላፊዎች ይደውላሉ። እናትህ እንዴት ናቸው፣ ጉልበትህስ፣ ልጅቷ መንዳት ለመደች ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አሜሪካዊው ዋናው ጉዳይ እስኪመጣ ይጠብቃል። ጉዳይ የለም። «በል ደህና ዋል» ብለው ይዘጋሉ። ኦክላሆማ ድንበር ላይ ያለው ኮሌጅ ኃላፊ ፓትሪስ፣ የመጀመሪያውን ሰኞ ክስ የቀረበባት መስሏት ቀኑን ሙሉ ፋይሎቿን ስታገላብጥ እንደዋለች ነግራኛለች። ከዓመት በኋላ ግን ስልኩ ሲዘገይ ራሷ ትደውል ጀመር። ለምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ ጠይቄያቸው ነበር። «ሰላም ያላልከውን ሰው ስትጣላው ከየት ትጀምራለህ?» አሉኝ።

ፓትሪስና ሩበን ራሳቸው በአንድ ወቅት ተኳርፈው ነበር። የመረብ ኳሱ ፍጻሜ እኔ ጋ ነው የሚደረገው፣ የለም እኔ ጋ ነው ተባብለው ለወራት የሚነጋገሩት በኔ በኩል ሆነ። እትዬ ውዴ ሦስተኛ አዳራሽ አብረን እንይ ብለው ሁለቱን መኪናቸው ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ነዳጅ ማደያ ላይ ቁልፉን ለሩበን ሰጥተው ወረዱና «እኔ ዛሬ ወገቤን አሞኛል፣ እናንተ እዩት» አሏቸው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ሲመለሱ ግን እየተሳሳቁ ነበር።

አሁን ወደ እሺው ልምጣ።

እትዬ ውዴ ሰው ሲያዳምጡ እሺ ይላሉ። ታላቅ ሰው ሲያዳምጡ ደግሞ ያበዙታል። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብሎ ያደገ ሰው ይኼ አይገርመውም። ሁላችንም እናቶቻችንን እሺ እያልን ስንቱን ነገር ሳናደርግ ቀርተናል። እሺ ሰምቻለሁ ነው፣ አክብሬዎታለሁ ነው፣ ይቀጥሉ ነው። አደርገዋለሁ የሚለው በኋላ የሚታይ ነገር ነው። እትዬ ውዴ እንግሊዝኛ ሲናገሩ እሺውን ኦኬ አደረጉት እንጂ ልማዱን አልለወጡትም። ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ።

ከስድስቱ ኮሌጆች አንዱን ባለሐይቁ እንለው ነበር፤ ግቢው ውሃ ዳር ስለሆነ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ሃርላን ይባላል። በዕድሜው አንቱ ሊባል የሚገባው ሽማግሌ ነው፤ እኔ ግን ቂሜ ስላልወጣልኝ አንተ እለዋለሁ። እትዬ ውዴ ቢሰሙኝ ይቆጡኝ ነበር። ረጋ ብሎ የሚናገር፣ ባርኔጣውን አውልቆ የሚጨብጥ የድሮ ቴክሳስ ሰው ነው። እሳቸው እንደ አባታቸው ያዩታል፤ በንግግሩ መሃል ገብተው አያውቁም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ፍሪስኮ ከተማ ያለው ቢሮአችን ቁጭ ብለን ሳለ ደወለ። እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ፤ የሱን ድምፅ አልሰማም፣ የሳቸውን ብቻ ነው። «ኦኬ፣ ዶክተር ሃርላን… ኦኬ… ኦኬ።» እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ኦኬ። ሚስትዎን ሰላም ይበሉልኝ።» ስልኩን አስቀምጠው ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«መሄድ ነው የሚፈልጉት» አሉኝ። «ሌላ ኮንፈረንስ ጠርቷቸዋል። ያውም ለዚህ በጋ። ነገ ከነገ ወዲያ ሄጄ እለምናቸዋለሁ።»

ደንባችን ግልጽ ነው። የሚለቅ አባል ካሳወቀ በኋላ ሁለት ሲዝን ይቆያል፤ ቀድሞ መሄድ የሚችለው ኮሚሽነሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሁለት ሲዝን ምትክ ለመፈለግ የተሰጠ ጊዜ ነው። እትዬ ውዴ አልፈቀዱም፤ ለመለመን ነበር የተነሱት። ይኼን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

በማግስቱ ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ባለሐይቁ ኮሌጅ መግለጫ አወጣ። በዚህ በጋ ወደ አዲሱ ኮንፈረንስ እንገባለን፣ መልካም ፈቃዷን ለሰጠችን ለኮሚሽነር ውዲ ምስጋናችን ይድረሳት ይላል። ከታች ዶክተር ሃርላን ከቦርዱ ጋር ፈገግ ብሎ የተነሳው ፎቶ አለ።

ስልኮቹ ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ። የአምስቱ ኮሌጆች ፕሬዚዳንቶች ማንንም ሳያማክሩ እንዴት ይፈቅዳሉ ብለው ቀወጡት። አንዱ ጉቦ የሚለውን ቃል ሊያወጣ ትንሽ ነበር የቀረው። ሰኞ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ውዴ ስልኩን ሁሉ ራሳቸው አነሱ፤ ለሁሉም «ሰኞ እናገራለሁ» ብቻ ነው ያሉት። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

ቢሮው ጸጥ ሲል ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ ውዴ፣ እኔ እዚሁ ነበርኩ እኮ። ኦኬ ያሉት እሺ ለማለት ነው። ፈቅጃለሁ አላሉም። ሰኞ ገብቼ ኤክስፕሌን አደርግላቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«በኛ ቋንቋ እሺ ማለት እየሰማሁ ነው ማለት ነው፣ ማለቴ፣ ካልቸራል ነገር ነው…»

«እኔ በምን ቋንቋ አልኳቸው?»

«በእንግሊዝኛ» አልኩ።

«በእንግሊዝኛ የተባለ በእንግሊዝኛ ይዳኛል» አሉ። «ይኼን ሁሉ ዓመት በቋንቋቸው እንጀራ በልቼ፣ ዛሬ ሲጨንቀኝ ሀበሻ ነኝ ልበል? እሳቸው ለቦርዳቸው ተናግረዋል፣ ለልጆቻቸው ተናግረዋል። አላልኩም ካልኩ ሽማግሌውን ባደባባይ ውሸታም አደረግኋቸው። ሰኞ አንዲት ቃል እንዳትናገር። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

ደሜ ፈላ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም። «የወለዱት የማን ነው እትዬ ውዴ?» አልኳቸው። «የሚጠፉት እኮ የርስዎ ልጆች አይደሉም። የፓትሪስ ልጆች ናቸው። የሩበን ናቸው። ለርስዎ ቃል የሰው ልጅ ነው ወይ የሚከፍለው?»

ሰዓታቸውን ፈቱ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኔን የሚያባርሩኝ መስሎኝ ተነሳሁ፤ እሳቸው ግን በመስኮቱ የሚታየውን ሕንፃ ነበር የሚያዩት። ከዚያ «ሽማግሌ እንላክ» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለዶክተር ሃርላን።»

ሳቄ መጣ፤ የመጣው ግን ከንዴት ነው። አሜሪካዊ እኮ ነው አልኳቸው። «አሜሪካዊ ቢሆኑስ?» አሉኝ። «ቤት የላቸውም? ወንበር የላቸውም?»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሃርላን ወደሚኖርበት ከተማ፣ ወደ ሮውሌት ሄድን። እኔ እነዳለሁ፣ እትዬ ውዴ ጎኔ፣ ፓትሪስና ሩበን ከኋላ። ሁለቱን የመረጧቸው አንድ ጊዜ ተጣልተው የታረቁ ስለሆኑ ነው፤ እርቅ የማያውቅ ሽማግሌ አይሆንም ይላሉ። መንገድ ላይ ደንቡን ነገሯቸው። እስኪፈቅድልን ድረስ አንቀመጥም፣ የሚቀርብልንን አንቀምስም። ሩበን ግዙፍ ሰው ነው፤ ወንበር ይወዳል። እስከ መቼ እንደሚቆም ጠየቀ። «እሺ እስኪሉን» አሉት። ፓትሪስ ይኼ ነገር ሕጋዊ ነው ወይ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

የዶክተር ሃርላን ቤት ሐይቁን የሚያይ ሰፊ ሳሎን አለው። ሚስቱ በሩን ከፍታ በደስታ ተቀበለችን። ግቡ፣ ተቀመጡ። ገባን፤ አልተቀመጥንም። እሱ ከጓዳ ወጥቶ ተቀመጡ አለን። አልተቀመጥንም። ሚስቱ በረዶ የተሞላበት ሻይ በብርጭቆ አመጣች። እጃችንን አልዘረጋንም። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀርቶ ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

እሱ ሊቀመጥ ጎንበስ አለና ተመልሶ ተነሳ። የዚያ ዘመን የቴክሳስ ሰው ሴቶች ቆመው እሱ አይቀመጥም። ጉልበቱን በቅርቡ ኦፕራሲዮን ተደርጓል፤ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ክብደቱን ወደ ደህናው እግር አዛወረ። እትዬ ውዴ አዩት። እንደሚያመው አይተዋል። ግን አልተቀመጡም። ሰውዬው ቢወድቅ ምን ልንል ነው?

«ዶክተር ሃርላን፣ ኦኬ ብያለሁ» አሉ እትዬ ውዴ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ነበረ። «ሰኞም ለሁሉም ኦኬ ብያለሁ ብዬ እናገራለሁ። ልክድዎ አልመጣሁም። ልለምንዎ ነው የመጣሁት። አንድ ሲዝን ይቆዩልን። ሁለቱን አልጠይቅም። አንድ ካገኘሁ ስድስተኛ አባል እፈልጋለሁ።»

እሱ ቦርዱ ወስኗል አለ። አዲሱ ኮንፈረንስ ፕሮግራም ማውጣት ጀምሯል፣ መግለጫ ወጥቷል፣ እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው አለ። ያኔ ፓትሪስ ተናገረች። ቡድኗ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የመጨረሻ ዓመት ናቸው፤ ባለፈው ፍጻሜ በሁለት ነጥብ ተሸንፈው መልበሻ ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጠው አንነሳም ብለዋት ነበር። ዘንድሮ ቢያሸንፉ የትም አይሄዱም። ይኼን እስካሁን አልነገርኳቸውም፣ እንዴት እንደምነግራቸውም አላውቅም ብላ ድምፅዋ ተቆረጠ።

ዶክተር ሃርላን እትዬ ውዴን ትኩር ብሎ አያቸው።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ኦኬ ካልሽኝ ለምን ትለምኚኛለሽ?»

እትዬ ውዴ ወደ ምንጣፉ አቀረቀሩ። ዶክተር ሃርላን ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። እሳቸውም ቀና ብለው በዓይናቸው ዝም በል አሉኝ። ያዘዙኝ ግን ሰኞ እንዳልናገር ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እሺ ምን እንደሆነ ነገርኩት። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ምን እንዳሉኝም ነገርኩት። ሄጄ እለምናቸዋለሁ ነው ያሉኝ አልኩት።

ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። መግለጫውን፣ ምስጋናውን፣ ፎቶውን ሁሉ በዓይነ ሕሊናው ያየ መሰለኝ። ይቺ ሴትዮ ከሱ ጆሮ የመጣውን ስህተት ሰኞ በራሷ ስም ልትሸከምለት እንደነበር ገባው። እጁን ከግድግዳው አንስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኦኬ፣ ውዲ» አለ።

እትዬ ውዴ ወዲያው ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። ሻዩን ጠጡ፣ ስለ ጉልበቱ ጠየቁ፣ ሚስቱን አመስግነው ወጣን።

መኪና ውስጥ ሩበን «ሶ፣ ተስማማ ማለት ነው?» አለ። ፓትሪስ እኔ እንጃ አለች። እኔ ማስነሻውን ሳልነካ ወደሳቸው ዞርኩ። «እትዬ ውዴ፣ የትኛው ኦኬ ነው ያለን?»

«ሽማግሌ ኦኬ ካለ አይጠየቅም» አሉኝ። «ከጠየቅን አላመንንም ማለት ነው። ንዳ።»

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እሳቸው ቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ አጠገባቸው ቆሜ ፊታቸውን ባነብ ባነብ ምንም የለም።

ሰኞ ስብሰባው ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል ነበር፤ አዳራሹ እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘ። አምስቱ ፕሬዚዳንቶች ተቀምጠዋል። የዶክተር ሃርላን ወንበር ባዶ ነው። ሰዓቱ አልፎ ከአምስቱ አንዷ የሆነችው ሰብሳቢ ጀመረች። እትዬ ውዴ ቆሙና ኦኬ ብያለሁ፣ ማንንም አላማከርኩም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ተቀመጡ። ስለ እሺ አንዲት ቃል አላነሱም። እኔ እጄን አነሳሁ። ሰብሳቢዋ ሠራተኛ አይናገርም ብላ አስቀመጠችኝ። እትዬ ውዴ ዞር ብለው እንኳን አላዩኝም።

ያኔ በሩ ተከፍቶ ዶክተር ሃርላን በከዘራ ገባ። እሑድን ከቦርዱ ጋር ሲከራከር እንደዋለ፣ ብዙዎቹ አሁንም እንደተቆጡት፣ ግን ኮሌጁ አንድ ሲዝን እንደሚቆይ ተናገረ። የኮሚሽነሯን ቃል ተሳስቼ የሰማሁት እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «የኔ ኦኬ የእንግሊዝኛው ነው» አለኝ። ሌሎቹ ምን እንዳለ አልገባቸውም። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ።

የዳንን መስሎኝ ነበር። ኮንፈረንሱ ድኗል። ፕሬዚዳንቶቹ ግን አንዴ ደንግጠዋል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ የሚቀጣው ይፈልጋል። አንዱ ልቧ ደግ ቢሆንም፣ ኦኬዋ ምን ማለት እንደሆነ የማናውቀው ኮሚሽነር ሥር እንዴት እንተዳደራለን አለ። ሌላው ደግሞ የዛሬውን ሃርላን አስተካከለው፣ የነገውንስ ማን ያስተካክለዋል አለ። ትቀጥል ወይስ ትነሳ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ለያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ ድምፅ ነው፤ ኮሚሽነር ድምፅ የለውም። ሦስት ለሦስት ሆነ። ዶክተር ሃርላን ትቀጥል ካሉት ነበር። እኩል ከሆነ ደግሞ ደንቡ ባለበት ይቀጥላል ይላል።

እትዬ ውዴ ተነሡ። አመሰገኑ። ሲዝኑ ሲያልቅ እለቃለሁ፣ እስከዚያ ስድስተኛውን ላግኝ አሉ። ሰብሳቢዋ ደንቡ እንዲቆዩ ይፈቅድልዎታል ብትላቸው «ደንቡማ ይፈቅድልኛል» ብለው ተቀመጡ።

ያን ዓመት እንዴት እንደሠሩ አይቼ እኔ እስካሁን ሥራ አልሠራሁም እላለሁ። ከአርካንሳስ እስከ አቢሊን ያሉ ትንንሽ ኮሌጆችን አዳረሱ። በየቦታው ስለ ጨዋታ ከማንሳታቸው በፊት ስለ እናት ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ በትሕትና ሸኟቸው። አንዲት ጂሟ ገና ያላለቀ ኮሌጅ ግን እገባለሁ አለች፤ ድምፅም ተሰጥቶባት ጸደቀች። የፓትሪስ ልጆች ያን ዓመት ፍጻሜውን አሸንፈው ወደ አገር አቀፉ ውድድር ሄዱ። በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ፣ ግን ሄዱ።

እትዬ ውዴ በለቀቁበት ቀን ዕቃቸውን መኪና ድረስ ያዝኩላቸው። ዓመቱን ሙሉ ውስጤ የታመቀው ገንፍሎ ወጣ። ሞኝነት ነው አልኳቸው። ደንቡ ቆዩ ብሏል፣ ሃርላን ራሱ መስክሯል፣ ለምን ይሄዳሉ አልኳቸው። በሩን ከፍተው ግማሽ ገብተው ቆሙ።

«ሰኞ ሰኞ ስደውል» አሉኝ፣ «ግማሾቹ ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ልታመጣ ነው እያሉ የሚያነሱት ከሆነ፣ እናትህ እንዴት ናቸው ብዬ ብጠይቅ ማን እውነቱን ይነግረኛል? እኔ ሌላ ሥራ አልችልም።»

ዕቃቸውን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ዛሬም ድረስ ያስቆጨኛል፤ ከንዴቴ ጋር አብሮ የሚኖር ቁጭት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮሚሽነር አይቻለሁ፤ ሁሉም ኢሜይል ይጽፋሉ፣ ሁሉም ጎበዝ ናቸው።

ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«አዲሷ ኮሌጅ ዛሬ በባለሐይቁ ቦታ ገባች አይደል?»

«ገባች» አልኳቸው።

«ስድስት ናችሁ እንግዲህ።»

ስድስት ነን አላሉም። ያንን ልብ ያልኩት ከፓርኪንጉ ወጥተው የክፍያ መንገዱ ላይ ከጠፉ በኋላ ነው።